መዳብ ዓይን እንዳያወጣ፦ ኦክስጅንን ከቀለጠ መዳብ የማስወጣት አሠራር

እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ያምራል። መዳብ ዓይን ሲያወጣ ግን የቀኑ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ መዳብ ያቀለጥኩት ለብየዳ ማሽን የኬብል መያዣ ልሠራ ብዬ ነበር። መዳቡ ቀለጠ። ፎርማው ውስጥም ቀጥ ብሎ ገባ። «ተሳካ» ብዬ ፈገግ ስል፣ የፎርማው አፍ ላይ ያለው መዳብ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ማለት ጀመረ። ቀዝቅዞ በመጋዝ ስቆርጠው ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ጥፋቱን ለአሸዋው እርጥበት ሰጠሁ። አሸዋውን አድርቄ ደገምኩት፤ ያው ነው። በሦስተኛው ሙከራ ላይ አንድ ልምድ ያላቸው ቀላጭ አዩኝና «ልጄ፣ አሸዋውን ተወው፤ መዳብህ ጋዝ ጠጥቷል» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ መዳቡ የጠጣውን ስለማስወጣት ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ኪሎ መዳብ ለሚያቀልጥ አነስተኛ ወርክሾፕ አስቤ ነው የጻፍኩት። ስለ ትልልቅ ፋብሪካዎችም መሃል ላይ ጥቂት እላለሁ፤ መርሁ አንድ ስለሆነ።

ኦክስጅኑ ምን ያጠፋል?

መዳብ በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ፈሳሽ ሳለ ኦክስጅንን ይጠጣል። ሲረጋ ግን ጠጣሩ መዳብ ኦክስጅንን እምብዛም አይቀበልም። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ኩፕረስ ኦክሳይድ ይሆንና በመዳቡ ቅንጣቶች መካከል ይሰገሰጋል። ይህ ድብልቅ መጨረሻ ላይ የሚረጋው በ1066 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ነጥብ ላይ ያለው የኦክስጅን መጠን 0.39 በመቶ ነው። ኦክሳይዱ ሲበዛ መዳቡ ይሰባበራል። ስታጥፉት አይታጠፍም፤ ስትስቡት ይበጠሳል።

ኦክስጅን ብቻውን ቢሆን ግን ይቻላል። ጣጣው ሃይድሮጅን ሲጨመር ነው። ሃይድሮጅን የሚመጣው ከእርጥብ ከሰል፣ ከነዳጅ ነበልባል፣ ከቅባት፣ ካልደረቀ ማቅለጫ ዕቃ ነው። መዳቡ ፈሳሽ ሳለ ሁለቱም ሟምተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መርጋት ሲጀምር ግን ቦታ ይጠባቸዋል። ይገናኙና የውሃ እንፋሎት ይሆናሉ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ዓይን ይሠራል። የኔ መዳብ ኩፍ ያለው በዚህ ነው።

ነገሩ መዳቡ ከረጋ በኋላም አያበቃም። ኦክስጅን ያለበትን መዳብ ጋዝ በበዛበት የአሴቲሊን ነበልባል ብታግሉት፣ ሃይድሮጅኑ ጠጣሩን መዳብ ሰርጎ ይገባል። ውስጥ ያለውን ኦክሳይድ ያገኘዋል። እንፋሎት እዚያው ይፈጠርና ቅንጣቶቹን ከውስጥ ይገፈትራቸዋል። በሙያው «የሃይድሮጅን በሽታ» ይሉታል። ለፍሪጅና ለኤር ኮንዲሽነር የሚውለው ቱቦ ኦክስጅኑ በፎስፈረስ የተወገደለት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦው በእሳት ስለሚበየድ ኦክሳይድ ቢኖርበት ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በቀለጠ መዳብ ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን እንደ ጣውንት ናቸው። አንዱ በበዛበት ሌላው ብዙ አይቀመጥም። ኦክስጅኑን ሙልጭ አድርጋችሁ ስታስወጡ ለሃይድሮጅን በር ከፈታችሁ ማለት ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፦ ኦክስጅኑን መቼ እንደምታስወጡት ማወቅ። መልሱ «መጨረሻ ላይ፣ ልታፈሱ ስትሉ» ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ሁሉም ኦክስጅን ጠላት አይደለም

ቤታችሁ ግድግዳ ውስጥ ያለው የመብራት ሽቦ ኦክስጅን ሊኖረው ይችላል፤ ያውም ሆን ተብሎ። በዓለም ላይ ለኤሌክትሪክ በብዛት የሚውለው የመዳብ ዓይነት ከ0.02 እስከ 0.04 በመቶ ኦክስጅን አለው። ኦክስጅኑ እንደ ብረት ያሉትን ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች ይዞ ኦክሳይድ ያደርጋቸዋል። ከመዳቡ ጋር ሟምተው ቢቀሩ ኖሮ ኤሌክትሪኩን ያደናቅፉ ነበር። ኦክሳይድ ሆነው ሲቀመጡ ግን ጉዳታቸው ያንሳል።

ስለዚህ «ኦክስጅን ካወጣሁ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይጨምራል» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቆሻሻ መዳብ ላይ ኦክስጅኑን ብቻ ብታወጡ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ እኔም ገርሞኝ ነበር።

የማስተላለፍ አቅም መለኪያው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ የተቀመጠው በ1913 ነው። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለሰለሰ መዳብ በ20 ዲግሪ 0.01724 ኦም ቢኖረው 100 በመቶ ይባላል። ዛሬ ጥሩ መዳብ 101 በመቶ ይደርሳል፤ የጥንቱ መለኪያ በዛሬው ንጹህ መዳብ ተበልጧል።

መጀመሪያ ወስኑ፦ ለኤሌክትሪክ ነው ወይስ ለሌላ?

እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ይህን ካልወሰናችሁ ቀሪው ሥራ ትርጉም የለውም።

ለቧንቧ፣ ለማሽን ክፍል፣ ለጌጥ፣ ለድስት ከሆነ ፎስፈረስ ተጠቀሙ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አይሸውድም። ከ0.015 እስከ 0.04 በመቶ ፎስፈረስ ተርፎ እንዲቀር ይደረጋል። የዚህ ዓይነት መዳብ የማስተላለፍ አቅም ግን ወደ 85 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። በመቶ ግራም መዳብ ውስጥ ሁለት መቶኛ ግራም ፎስፈረስ ይህን ያህል ይጎዳል!

ለኤሌክትሪክ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተረፈውን ፎስፈረስ ከ0.004 እስከ 0.012 በመቶ ባለች ጠባብ መስመር ውስጥ ማቆየት ነው። እንዲህ ከሆነ ወደ 98 በመቶ ይጠጋል። ግን ያለ ላቦራቶሪ ይህን መስመር መምታት እንደ ሎተሪ ነው። ሁለተኛው ኦክስጅኑን በከሰል ቀንሶ መጨረሻውን በቦሮን ወይም በሊቲየም መጨረስ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ማቅለጫው ዕቃ፣ ክሩሲብል የምንለው፣ የግራፋይት ወይም የሸክላና ግራፋይት ድብልቅ ይሁን። የብረት ዕቃ አይሞከርም፤ ብረት በቀለጠ መዳብ ውስጥ ይሟሟል። ማማሰያውም እንዲሁ የግራፋይት ዘንግ ይሁን። ከሌላችሁ የብረት ዘንግ በግራፋይትና በሸክላ ልቅላቂ ቀብታችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ አግላችሁ ተጠቀሙ። በባዶ ፌሮ መዳብ የሚያማስል ሰው አይቻለሁ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት «መዳቡ ለምን ይግላል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከ1 ግራም በታች የሚለካ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ይበቃል። እስከ 1300 ዲግሪ የሚያነብ የሙቀት መለኪያ፣ ተርሞካፕል የሚባለው፣ ቢኖር ትልቅ ነገር ነው። ቀለም በዓይን መገመት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ቀን በፀሐይ ሌላ፣ ማታ ሌላ ይታያል። እኔ አልተማመንበትም።

ፎስፈረሱ ብቻውን አይገባም። ከመዳብ ጋር የተዋሃደ፣ 15 በመቶ ፎስፈረስ ያለው ቅይጥ ነው የሚገዛው። እንደ እህል ፍሬ ደቅቆ ወይም እንደ ብስኩት ተሰብሮ ይመጣል። ሲገዛ መቶኛውን አረጋግጡ፤ 10 በመቶ የሆነም አለ፤ ሒሳቡ ይለያያል።

ጥንቃቄ፣ ሳይቀለድበት

ቀልጦ የነጠረ መዳብና ውሃ አንድ ላይ አይሆኑም። አንድ ጠብታ ውሃ ከቀለጠ መዳብ ሥር ብትገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆና መዳቡን እንደ ጥይት ትበትነዋለች። ስለዚህ መዳብ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር ይሞቃል። ቁርጥራጩም፣ ጭልፋውም፣ ፎስፈረሱም፣ ፎርማውም። ከሥር ደረቅ አሸዋ አንጥፉ። ባዶ ኮንክሪት ላይ አታፍሱ፤ ኮንክሪት ውስጥ ያለው ውሃ ይፈነዳል።

የቆዳ ሽርጥ፣ የቆዳ ጓንት፣ የፊት መከለያ፣ ክር የሌለው የቆዳ ቦት። ሱሪው ከቦቱ ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ የፈሰሰው መዳብ ቦት ውስጥ ይጠራቀማል። ናይለንና ፖሊስተር አትልበሱ።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። ፎስፈረሱ ሲገባ የሚወጣው ነጭ ጭስም ሳንባ ያቃጥላል። ነፋስ ከኋላችሁ እንዲነፍስ አድርጋችሁ ቁሙ።

ደረጃ 1፦ ቁርጥራጭ መምረጥ

ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። ከቆራሌው የተገዛ መዳብ ውስጥ ምን እንደሌለ መገመት ከባድ ነው። ቆርቆሮ የተለበጠ ሽቦ፣ በሊድ የተበየደ ቱቦ፣ ናስ የተቀላቀለበት ቧንቧ፣ የመኪና ራዲያተር። ለኤሌክትሪክ ሥራ እነዚህን ሁሉ ጣሉ። ጥሩው የወፍራም ኬብልና የባስባር (በኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ያለው ወፍራም የመዳብ ዘንግ) ቁርጥራጭ ነው። የፍሪጅ ቱቦ ቆንጆ መዳብ ቢሆንም ፎስፈረስ አለበት፤ ለኤሌክትሪክ አይሆንም።

ፕላስቲኩን በእሳት አታቃጥሉ። ጭሱ መርዝ ነው፤ በዚያ ላይ መዳቡ ላይ ጥላሸትና ክሎሪን ይተዋል። በቢላዋ መላጥ ነው፤ አድካሚ ነው፣ ይሁን። የሞተር ጥቅል ሽቦ ቫርኒሽ አለው፤ እሱን ለሌላ ሥራ አስቀምጡት። በስፕሪንግነት የሚሠራ ጠንካራ መዳብ ካገኛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ቤሪሊየም ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራውና ጭሱ ለሳንባ በጣም አደገኛ ነው። የማታውቁትን አታቅልጡ።

በመጨረሻ ዘይቱን እጠቡ፣ አድርቁ፣ አሙቁ። ዘይት ማለት ሃይድሮጅን ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ክሩሲብሉን ማሞቅ

ባዶውን ቀስ ብሎ ፍም እስኪመስል ይሞቃል። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ሁለት እጥፍ ጊዜ ስጡት። ክሩሲብልም ከሰልም በክረምት እርጥበት ይጠጣሉ። በጋ ላይ ጥሩ የነበረ ሥራ ክረምት ላይ ዓይን ሲያወጣብኝ ስንት ጊዜ ሌላ ነገር ስወነጅል ኖሬያለሁ።

ደረጃ 3፦ ማቅለጥ

እዚህ ላይ ምድጃችሁ መንገዳችሁን ይወስናል።

በጋዝ፣ በናፍጣ ወይም በከሰል የሚነድ ምድጃ ካላችሁ ነበልባሉ ራሱ ውሃና ሃይድሮጅን ይዟል። ስለዚህ ነፋሱን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ነበልባሉ ኦክስጅን በጥቂቱ ይትረፈው። በፍጥነት አቅልጡ። መዳቡ ኦክስጅን ይጠጣል፤ ይጠጣ። ሃይድሮጅኑን ያባርርልናል፤ ኦክስጅኑን ደግሞ መጨረሻ ላይ በአንድ ምት እናስወጣዋለን። ሲያዩት ግራ የሚያጋባ ነው፤ ኦክስጅን ለማስወጣት መጀመሪያ ኦክስጅን ማስገባት። ግን ይሠራል። ጭስ ያለበት ቢጫ ነበልባል ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሃይድሮጅን ይሞላበታል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በተለይ ኢንዳክሽን ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ነበልባል የለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ መዳቡን በከሰል ሸፍኑት። ከሰሉ ግን ከምድጃው ውጭ ፍም እስኪሆን ነድዶ፣ ጭሱና እርጥበቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚገባው። ጥቁር ከሰል ከጆንያ አውጥቶ መወርወር መዳቡን ውሃ ማጠጣት ነው። የከሰሉ ካርቦን ከኦክስጅኑ ጋር ይዋሃድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሥራው ከላይ ብቻ ስለሆነ ዝግ ያለ ነው፤ በግራፋይት ዘንግ ቀስ ብላችሁ ካማሰላችሁት ይፈጥናል።

ሙቀቱ ከ1150 እስከ 1200 ዲግሪ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትግፉት። በሞቀ ቁጥር ጋዝ የመጠጣት አቅሙ ይጨምራል። «ትንሽ ይጨምር፣ ይቅጠን» የሚል ሰው አጠገባችሁ ካለ ሻይ እንዲያመጣ ላኩት።

ደረጃ 4፦ ሒሳቡ

ፎስፈረስ የምትጠቀሙ ከሆነ በእፍኝ አይጨመርም። 1 ግራም ኦክስጅን ለማስወጣት 0.78 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ መጨረሻ ላይ እንዲተርፍ የምትፈልጉት አለ።

10 ኪሎ መዳብ አላችሁ እንበል። ጥሩ የኬብል ቁርጥራጭ ነው፤ ኦክስጅኑ 0.04 በመቶ ነው። ይህ 4 ግራም ኦክስጅን ነው። ለእሱ 3.1 ግራም ፎስፈረስ ይሄዳል። 0.02 በመቶ እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ ሌላ 2 ግራም። ድምሩ 5.1 ግራም። ቅይጡ 15 በመቶ ስለሆነ 5.1ን በ0.15 ስታካፍሉ 34 ግራም ይመጣል።

ያው 10 ኪሎ በነፋስ የቀለጠና ኦክስጅኑ 0.1 በመቶ የደረሰ ከሆነ 10 ግራም ኦክስጅን አለ። 7.8 ግራም ፎስፈረስ ለእሱ፣ 2 ግራም ለትርፍ። በቅይጥ 65 ግራም። ልዩነቱን አያችሁት? ለዚህ ነው «ለ10 ኪሎ ይህን ያህል» የሚል ቋሚ ቁጥር የማልሰጣችሁ። ኦክስጅኑን በትክክል የሚያውቅ ትንሽ ወርክሾፕ ስለሌለ፣ በትንሹ ሒሳብ ተነሱና በሙከራ ጨምሩ። ሙከራው ከታች አለ።

ደረጃ 5፦ ፎስፈረሱን ማስገባት

ከላይ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ በሞቀ ጭልፋ ግፈፉ። የተመዘነውን ቅይጥ በቀጭን የመዳብ ወረቀት ጠቅልሉና አሙቁት። ከዚያ በግራፋይት መጫኛ ይዛችሁ እስከ ክሩሲብሉ ወለል ድረስ አስጥሙት። ከላይ ብትበትኑት ፎስፈረሱ በአየር ይነድዳል፤ ግማሹ ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ እናንተም ስታስሉ ታመሻላችሁ።

ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ አማስሉ። አትምቱት፤ እንደ ሊጥ አየር አታስገቡበት። ፎስፈረሱ ኦክስጅኑን ይዞ ፈሳሽ ቆሻሻ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱንም ግፈፉ። የመዳቡ ፊት መስተዋት ሲመስል ሥራ ገብቷል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ የብርጭቆ ሙከራ

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚጠቅመው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በችኮላ ይዘለዋል።

ትንሽ የግራፋይት ወይም የሞቀ ደረቅ የሸክላ ብርጭቆ አዘጋጁ። ከመዳቡ ጥቂት ቀድታችሁ ጨምሩበትና ሲረጋ ተመልከቱ። መሃሉ ወደ ውስጥ ከሰረገደ ጥሩ ነው። መዳብ ሲረጋ ይኮማተራል፤ ጋዝ ከሌለ መሃሉ መውረድ አለበት። ኩፍ ካለ ወይም መሃሉ እንደ እንጉዳይ ከተነሳ ጋዝ አለ። ቀጥ ያለ ሜዳ ከሆነ መካከል ላይ ናችሁ፤ ኦክስጅን አለ ማለት ነው፤ ለፎስፈረስ መዳብ ገና ነው።

ኩፍ ሲል ጥያቄው የትኛው ጋዝ ነው የሚለው ነው። መጀመሪያ ያስገባችሁትን ሩብ ያህል ፎስፈረስ ጨምራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ከሰረገደ ኦክስጅን ነበር። አሁንም ኩፍ ካለ ሃይድሮጅን ነው፤ ፎስፈረስ ደግሞ እሱን አያወጣም። ያኔ ጨምሩ፣ ጨምሩ ማለት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ተመለሱና ነበልባሉን በነፋስ አስተካክሉ፣ መዳቡ ኦክስጅን ይጠጣና ሃይድሮጅኑ ይውጣ፣ ከዚያ እንደገና ከደረጃ 4 ጀምሩ።

ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ቀዝቅዞ በመዶሻ ስበሩት። ስብራቱ ደማቅ፣ ሐር የመሰለ ሮዝ ከሆነ መልካም። የጡብ ቀለም ያለው ደብዛዛ ቀይ ከሆነና በቀላሉ ከተሰበረ ኦክሳይድ ሞልቶታል።

ደረጃ 7፦ ማፍሰስ

ሙከራው ከተሳካ በኋላ ወሬ የለም። ኦክስጅን የሌለው መዳብ ጋዝ የተጠማ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ አፍሱት። ክሩሲብሉን ወደ ፎርማው አፍ አስጠጉ፤ ከሩቅ እንደ ቡና በረከቦት ላይ ከፍ አድርጋችሁ አትቅዱ። ረጅም ጅረት አየር ይጠጣል። ጅረቱ ሳይቋረጥ፣ ሳይረጭ ይሂድ።

ፎርማው ደረቅ ይሁን፤ በዚህ ነጥብ ላይ ነው የአሸዋው እርጥበት እውነተኛ ጥፋተኛ የሚሆነው። የተረፈ ፎስፈረስ ሲበዛ ከአሸዋው እርጥበት ኦክስጅኑን ነጥቆ ሃይድሮጅኑን ለመዳቡ ያስረክበዋል። በዚያ ላይ ፎስፈረስ የበዛበት መዳብ በጣም ቀጭን ሆኖ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ፊቱ ሻካራ ይወጣል። «ለማንኛውም ብዬ ጨመርኩ» የሚለው ሰው ዕቃ በዚህ ይታወቃል።

ለኤሌክትሪክ የሚሆነው መንገድ

እዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከንጹህ ቁርጥራጭ ተነሱ፤ አለበለዚያ ምንም አይጠቅምም። በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በነደደ ከሰል ሥር አቅልጡ። ከሰሉ አብዛኛውን ኦክስጅን ይቀንሰው። ከዚያ መጨረሻውን በቦሮን ጨርሱ፤ 2 በመቶ ቦሮን ያለው የመዳብ ቅይጥ ወይም ካልሲየም ቦራይድ ይገኛል። ቦሮን ጥቂት ቢተርፍ እንደ ፎስፈረስ የማስተላለፍ አቅሙን አይጎዳም። አጨማመሩ ያው ነው፤ ወለሉ ድረስ ማስጠም።

ሊቲየም ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ኦክስጅንንም ሃይድሮጅንንም ይይዛል። በታሸገ ትንሽ የመዳብ ቱቦ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ቱቦው እንዳለ ይሰጥማል። ግን ሊቲየም ከውሃ ጋር ኃይለኛ ነው፣ መዳብ ውስጥ ሲገባም ያፈናጥራል። ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር አትሞክሩት። እኔ ለራሴ ሥራ ቦሮንን እመርጣለሁ፤ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

በፋብሪካ ደረጃ እጅግ ንጹህ የሆነው መዳብ ከሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ10 ክፍል በታች ኦክስጅን ነው ያለው፤ ከሁሉ የላቀው ዓይነት ከ5 በታች። ይህ በምንም ተጨማሪ አይገኝም። በኤሌክትሪክ የተጣራ የመዳብ ሰሌዳ አየር በማይነካው ምድጃ ውስጥ በግራፋይትና በከሰል ሥር ይቀልጣል። በፊንላንዱ ኦውቶኩምፑ የተፈጠረው አፕካስት የሚባለው አሠራር ከዚያ ሽቦውን ወደ ላይ እየሳበ ያወጣዋል።

ትልልቆቹ ማጣሪያዎች ደግሞ መዳቡን ወደ ኤሌክትሪክ ማጣሪያው ከመላካቸው በፊት ድኝ ለማውጣት አየር ይነፉበታል። ኦክስጅኑ ወደ 0.6 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በጋዝ ወደ 0.15 በመቶ አካባቢ ያወርዱታል። ጋዝ ከመምጣቱ በፊት ይህን ይሠሩ የነበሩት እርጥብ እንጨት መዳቡ ውስጥ በማስጠም ነው፤ ከግንዱ የሚወጣው ጋዝ መዳቡን ያማስለዋል፣ ኦክስጅኑንም ይበላል። ሠራተኛው ናሙና አውጥቶ ፊቱ ሜዳ ሲሆን «በቃ» ይላል። እናንተ ግን በ10 ኪሎ ክሩሲብል ውስጥ እርጥብ እንጨት እንዳትከቱ! እነሱ የሚያወሩት ስለ መቶዎች ቶን ነው።

ሥራው መሳካቱን ማረጋገጥ

ክብደቱን በአየርና በውሃ መዝኑ። ሙሉ መዳብ 896 ግራም ቢመዝን ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ 100 ግራም ይቀንሳል። 105 ግራም ከቀነሰ 5 በመቶ የሚሆነው ውስጡ ባዶ ነው። መጋዝ ሳታነሱ ዓይኑን አያችሁት ማለት ነው።

ለሃይድሮጅን በሽታ፣ ቀጭን ቁራጭ ጋዝ በበዛበት የአሴቲሊን ነበልባል ለጥቂት ደቂቃ ቀይ አድርጋችሁ ያዙት። አቀዝቅዛችሁ እጠፉት። ኦክስጅን ካለበት መታጠፊያው ላይ ይሰነጣጠቃል። ከሌለበት ደጋግሞ ይታጠፋል።

የማስተላለፍ አቅሙን በተራ መልቲሜትር ኦም ላይ ለመለካት አትሞክሩ፤ የገመዱ ራሱ መቋቋም ይበልጣል። 10 በ10 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ አዘጋጁ። በዲሲ ኢንቨርተር ብየዳ ማሽን 100 አምፒር አሳልፉበት፤ አምፒሩን በዲሲ ክላምፕ ሜትር አረጋግጡ። ዘንጉ ላይ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ሁለት ነጥብ ይዛችሁ ሚሊቮልቱን አንብቡ። የኤሌክትሪኩ መግቢያ ገመድና የመለኪያው ጫፍ አንድ ቦታ አይነካኩ። 5.2 ሚሊቮልት ካነበባችሁ 100 በመቶ ነው። 6.1 ከሆነ ወደ 85 በመቶ ወርዷል፤ ፎስፈረስ ወይም ብረት ገብቶበታል፤ አለዚያም ውስጡ ዓይን አለ። ዘንጉ ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ፤ በየ1 ዲግሪው መቋቋሙ በ0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የተረፈውን መዳብ በጅምላ አንድ ሳጥን ውስጥ አትጣሉት። ፎስፈረስ የገባበት እንደገና ሲቀልጥ ይዞት የመጣው ፎስፈረስ ሒሳቡን ያዛባል፤ ለኤሌክትሪክ ካስቀመጣችሁት ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ያንንም ያበላሻል። በዓይን አይለዩም። እኔ ፎስፈረስ ያለበት ላይ ሳይበርድ በመሮ «ፎ» ብዬ እመታበታለሁ።